የትኛው ሃርድ ዲስክ ይታመናል? መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ማከማቻ መምረጥ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቋረጠ ወዲህ፣ አሮጌ ኮምፒውተርን የማደስ ወይም የመተካት ጥያቄ በየቤቱ ገብቷል። ጥያቄው የመጣው ግን በማይመች ጊዜ ነው። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡት ግዙፍ የመረጃ ማዕከሎች የማስታወሻ ቺፕና ዲስክ በገፍ ስለሚገዙ፣ ከእ.ኤ.አ. 2025 መገባደጃ ጀምሮ የማከማቻ ዋጋ በዓለም ገበያ እየናረ መጥቷል፤ የአሜሪካው ማይክሮን ኩባንያም «ክሩሻል» በሚለው ስሙ ለቤት ተጠቃሚዎች ያቀርብ ከነበረው ንግድ እንደሚወጣ ኅዳር 2018 ዓ.ም. አስታውቋል። በአገር ውስጥ ደግሞ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በ57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 ብር በላይ ስለ ወጣ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የተሸከመውን ጭማሪ ሃርድ ዲስክም ተሸክሞታል።

ዋጋ ሲወደድ ሁለት ነገር አብሮ ይመጣል። ገዢው ደግሞ ደጋግሞ ማውጣት ስለማይችል «የማይበላሸውን» አጥብቆ ይፈልጋል፤ ለአጭበርባሪው ደግሞ ያገለገለውን አዲስ፣ ትንሹን ትልቅ አስመስሎ መሸጥ ከወትሮው የበለጠ ያዋጣዋል። ባሕር ዳር ውስጥ በኮምፒውተር መሸጫም ሆነ በጥገና ቤት ደጃፍ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ «የትኛው ብራንድ ይሻላል?» ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው ጥያቄው ራሱ መስተካከል እንዳለበት ነው። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ስም ሰዎች ከሚያስቡት ያነሰ ይወስናል፤ ዕቃው የመጣበት መንገድ፣ የሚሰካበት መብራትና በሌላ ቦታ የተቀመጠው ቅጂ ደግሞ ከሚታሰበው እጅግ የበለጠ ይወስናሉ።

በዲስኩ ውስጥ ያለው

ሃርድ ዲስክ የሚንቀሳቀስ አካል ያለው ማሽን ነው። በውስጡ በማግኔት የተለበጡ ክብ ሳህኖች በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይሽከረከራሉ፤ በላያቸው ደግሞ «ሄድ» የሚባለው የማንበቢያና የመጻፊያ ጫፍ ሳህኑን ሳይነካ በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ ይንሳፈፋል። የሰው ፀጉር ውፍረት ከ80,000 ናኖሜትር የማይርቅ መሆኑን ለሚያስብ ሰው፣ አንዲት የአቧራ ብናኝ ለዚህ ጫፍ ምን ያህል ተራራ እንደምትሆን ግልጽ ነው። ስለዚህም የተበላሸ ዲስክን በተራ ክፍል ውስጥ ክዳኑን ፈትቶ «ማየት» መረጃውን ከማዳን ይልቅ ቀሪውን ተስፋ ያጠፋዋል።

ጫፉን የሚያንሳፍፈው ሳህኑ ሲሽከረከር የሚፈጥረው የአየር ትራስ ነው። አየሩ በሳሳበት ከፍታ ትራሱም ይሳሳል፤ አምራቾች ለተራ ሃርድ ዲስክ የሚያስቀምጡት የከፍታ ጣሪያም በተለምዶ 3,048 ሜትር የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ደጋ ላይ የሚኖር ሰው «ከፍታው ዲስኩን ይጎዳዋል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው መሠረት አለው። ባሕር ዳር ግን ከባሕር ጠለል በላይ በ1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ስጋቱ አይመለከታትም፤ በ2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደብረ ታቦርም ከጣሪያው በታች ናት። ከገደቡ የሚያልፈው ላፕቶፑን ይዞ ጉና ተራራ ጫፍ ላይ የሚወጣ ሰው ነው። በሂሊየም ጋዝ ተሞልተው ጥርቅም ብለው የሚታሸጉት ትልልቅ ዲስኮች የውጭውን አየር ስለማያስገቡ በዚህ ረገድ ይለያሉ።

የሐይቁ ዳር እርጥበትም እንዲሁ ከሚፈራው በታች ነው። አምራቾች ከፍተኛ እርጥበትን ይፈቅዳሉ፤ የማይፈቅዱት እርጥበቱ ተቋጥሮ ጤዛ ሲሆን ነው። በክረምት ከቀዝቃዛ ቦታ ወደ ሞቃት ክፍል የገባ ዲስክ ወዲያው ከመሰካቱ በፊት ጥቂት ሰዓት ቢያርፍ ይበቃዋል።

እውነተኛው ጉዳት ያለው በመንቀጥቀጥ ላይ ነው። ጠፍቶ ጫፉ ከሳህኑ ላይ የተነሣ ዲስክ፣ እየሠራ ካለው ዲስክ ይልቅ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ምት ይችላል። ከኮምፒውተር ተነቅሎ ወዲያው ቦርሳ ውስጥ ተከቶ በባጃጅ ኮብልስቶን ላይ የሚጓዝ ዲስክ አደጋው የሚበዛው ሳህኑ መሽከርከሩን ሳያቆም ስለሚነሣ ነው። «በሰላም አስወግድ» የሚለውን ትእዛዝ ሰጥቶ፣ ድምፁ ጸጥ እስኪል ከ10 እስከ 15 ሰከንድ መታገስ ይህን ያስቀራል።

የብራንድ ክርክር

ዛሬ በዓለም ላይ ሃርድ ዲስክ የሚያመርቱት ሦስት ኩባንያዎች ብቻ ናቸው፦ ሲጌት፣ ዌስተርን ዲጂታል እና ቶሺባ። ማክስቶር በእ.ኤ.አ. 2006 በሲጌት ተገዛ፤ የሳምሰንግ የሃርድ ዲስክ ክፍልም በ2011 እዚያው ገባ፤ የሂታቺው ክፍል በ2012 ወደ ዌስተርን ዲጂታል ተጠቃለለ። ስለዚህ በገበያው ላይ የሌላ ስም የተለጠፈበት ተንቀሳቃሽ ዲስክ ቢታይም፣ ሽፋኑ ሲከፈት የሚገኘው ከሦስቱ የአንዱ ሥራ ነው።

በአንድ ወገን ያሉ ሰዎች አንዱ ብራንድ ጠንካራ፣ ሌላው ደካማ መሆኑን በተሞክሮ እናውቃለን ይላሉ። ተሞክሯቸው የሐሰት አይደለም። «ዴስክስታር» የሚባለው የአይቢኤም ዲስክ ታሪክ ግን ይህን አስተያየት እንድንመረምረው ያስገድዳል። በእ.ኤ.አ. 2000 አካባቢ የወጣው አንድ የዴስክስታር ትውልድ በብዛት በመበላሸቱ ክፉ ስም ወጥቶለት ነበር፤ አይቢኤምም ብዙ ሳይቆይ የዲስክ ሥራውን ለሂታቺ ሸጠ። ያው የምርት መስመር በሂታቺ እጅ ካለፈ ከዓመታት በኋላ፣ ብዙ ሺህ ዲስኮችን የሚያንቀሳቅሰው ባክብሌዝ የተባለው የአሜሪካ የመረጃ ማከማቻ ኩባንያ ባወጣቸው ዘገባዎች ውስጥ በጥቂቱ ከሚበላሹት ተርታ ተገኘ። በተቃራኒው በዚያው ኩባንያ ዘገባ አንድ የሲጌት ባለ 3 ቴራባይት ሞዴል ከልክ በላይ ሲበላሽ፣ የዚያው ሲጌት ባለ 4 ቴራባይት ሞዴል ደግሞ በጥሩ ሁኔታ ሠርቷል። ከዚህ የምንረዳው ብልሽት በሞዴልና በምርት ዙር የሚለያይ እንጂ ከኩባንያው ስም ጋር የተጣበቀ አለመሆኑን ነው። ትናንት የተወቀሰው ሞዴል ዛሬ ከገበያ ወጥቷል፤ ወቀሳው ግን ስሙን ተከትሎ ይኖራል።

ባክብሌዝ ከእ.ኤ.አ. 2013 ጀምሮ የብልሽት ቁጥሩን ለሕዝብ ይፋ ያደርጋል። ዓመታዊ የብልሽት መጠኑ፣ ማለትም በአንድ ዓመት ውስጥ ከመቶ ዲስኮች ስንቱ እንደሚበላሹ የሚያሳየው ቁጥር፣ በ2023 1.40 በመቶ፣ በ2024 ደግሞ 1.57 በመቶ ነበር። ይህ ለአንድ ቤት ምን ማለት ነው? በዓመት 1.5 በመቶ የሚለው በአምስት ዓመት ሲታሰብ ወደ 7 በመቶ ይደርሳል። በአንድ መንደር 100 ቤቶች አንድ አንድ ዲስክ ቢኖራቸው፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ሰባት ያህሉ ጥሩ ብራንድ ገዝተውም ዲስካቸው ይሞትባቸዋል ማለት ነው። ቁጥሩም ቢሆን የተገኘው መብራቱ በማይቋረጥ፣ ሙቀቱ በተመጠነ አዳራሽ ውስጥ ሌት ተቀን ከሚሠሩ ዲስኮች ነው፤ በቀን ደጋግሞ ድንገት ለሚጠፋ የቤት ዲስክ እንዳለ ሊወሰድ አይገባም።

በካርቶን ወይም በመግለጫ ወረቀት ላይ የሚጻፈው «1,000,000 ሰዓት» የሚለው ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ያሳስታል። ቁጥሩ በሁለት ብልሽቶች መካከል የሚገመተውን አማካይ ጊዜ ያመለክታል፤ ሲሰላ 114 ዓመት ይሆናል። አንድም ዲስክ 114 ዓመት አይኖርም። ቁጥሩ የሚናገረው በዕድሜያቸው ላይ ስላሉ እጅግ ብዙ ዲስኮች ድምር ነው እንጂ ስለ አንዱ ዲስክ ዕድሜ አይደለም። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በእ.ኤ.አ. 2007 የታተመው ጥናትም፣ ከእንዲህ ያለው መግለጫ የሚሰላው ዓመታዊ ብልሽት ከ0.88 በመቶ የማይበልጥ ሆኖ ሳለ በተግባር የታየው የመተካት መጠን በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 በመቶ፣ አንዳንድ ቦታም እስከ 13 በመቶ መድረሱን አሳይቷል።

መብራት ሲሄድ በዲስኩ ላይ የሚሆነው

ባሕር ዳር ከጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትርቃለች፤ በጣና ውኃ የሚሠራውና 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣና በለስም ከእ.ኤ.አ. 2010 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። ለማመንጫ ቅርብ መሆን ግን በየሰፈሩ ያለውን መቆራረጥ አያስቀርም፤ በማመንጫውና በቤቱ ሶኬት መካከል መስመር፣ ትራንስፎርመርና ማከፋፈያ አለ። ለዲስክ ዕድሜ ትልቁ ጥያቄ ያለውም እዚህ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መብራት በሄደበት ቅጽበት በሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሆነውን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ኤሌክትሪኩ ተቋርጧል፤ ሳህኑ ግን በሽክርክሪቱ ጉልበት ገና እየዞረ ነው። ዲስኩ ይህን የቀረ ጉልበት ይጠቀምበታል፦ ሞተሩ ለጥቂት ቅጽበት እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ኃይል ያመነጫል፤ በዚያ ኃይል ጫፉ ከሳህኑ ላይ ተስቦ ወደ ማረፊያው ይገባል። ጥበቡ ድንቅ ነው፤ ነገር ግን በሥርዓት ከመዝጋት ይልቅ ሻካራና የሚያደክም እንቅስቃሴ ነው። በዚያው ቅጽበት ኮምፒውተሩ «ጽፌዋለሁ» ብሎ ያለፈው፣ በእውነቱ ግን በዲስኩ ጊዜያዊ ማስታወሻ ላይ ተራውን ይጠብቅ የነበረ መረጃ ይጠፋል። ዊንዶውስ የሚጠቀምበት ኤንቲኤፍኤስ የተባለው የፋይል አደረጃጀት ለውጦችን አስቀድሞ በመዝገብ ስለሚይዝ የማውጫውን ሥርዓት መልሶ ማቃናት ይችላል፤ እየተጻፈ የነበረውን የፋይሉን ይዘት ግን መመለስ አይችልም። ብዙ ተንቀሳቃሽ ዲስኮችና ፍላሾች ተዘጋጅተው የሚሸጡበት ኤክስፋት የተባለው አደረጃጀት እንዲህ ያለ መዝገብ እንኳ የለውም። ስለዚህ ዲስኩ ከዊንዶውስ ውጪ ከሌላ መሣሪያ ጋር የማይሠራ ከሆነ፣ ገና ባዶ ሳለ በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት ማድረግ ገንዘብ የማይጠይቅ ጥንቃቄ ነው።

ሁለተኛው አደጋ መብራት ሲመጣ ነው። በሰፈሩ ያለው ማቀዝቀዣና ምጣድ ሁሉ እኩል ሲነሣ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ይላል፤ አንዳንዴም መጥቶ በደቂቃ ውስጥ ይመለሳል። በዲስኩ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ የሚደርሰው ቃጠሎ በአብዛኛው የዚህ ውጤት ነው።

በዚህ ላይ ሁለት መሣሪያዎች ሲምታቱ ይታያል። ስታቢላይዘር የሚሠራው ከፍና ዝቅ የሚለውን ኃይል ማመጣጠን ነው፤ መብራቱ ከሄደ እሱም አብሮ ይጠፋል። ዩፒኤስ ግን በውስጡ ባትሪ ስላለው ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለመዝጋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል። የዩፒኤስ ባትሪ ግን አላቂ ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አረንጓዴ መብራቱ እየበራ፣ ድምፁም እየተሰማ በውስጡ ምንም ያልቀረው ይሆናል። በየጊዜው ምንም አስፈላጊ ሥራ በሌለበት ሰዓት ሶኬቱን ነቅሎ ስንት ደቂቃ እንደሚያቆይ መለካት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አሮጌ ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ለባለቤቱ የሐሰት መተማመኛ ይሰጠዋልና ከሌለው ሰው የባሰ ቸልተኛ ያደርገዋል።

ላፕቶፕ ያለው ቤት በዚህ ረገድ የተሻለ ዕድል አለው፤ ባትሪው ራሱ ዩፒኤስ ነው። እዚህ ላይ ገዢዎች እምብዛም የማያስቡት አንድ ልዩነት አለ። ባለ 2.5 ኢንቹ ትንሹ ተንቀሳቃሽ ዲስክ ኃይሉን የሚያገኘው በዩኤስቢ ገመዱ ከላፕቶፑ ስለሆነ መብራት ቢሄድም ሥራውን ይቀጥላል። ባለ 3.5 ኢንቹ ትልቁ ዲስክ ግን የራሱ ሶኬት ላይ የሚሰካ አስማሚ ስላለው፣ ላፕቶፑ በርቶ እያለ ዲስኩ ብቻውን ድንገት ይጠፋል። ትልቁ በቴራባይት ሲሰላ ቢረክስም፣ መብራት በሚቆራረጥበትና ዩፒኤስ በሌለበት ቤት ትንሹን መምረጥ ተገቢ ነው።

አዲስ የተባለው አዲስ ነው ወይ?

በእ.ኤ.አ. 2025 መጀመሪያ በጀርመን አዲስ ተብለው የተሸጡ የሲጌት ዲስኮች ሲመረመሩ ለብዙ ሺህ ሰዓት ያገለገሉ ሆነው ተገኝተዋል። ሻጮቹ የአገልግሎት መቁጠሪያውን ወደ ዜሮ መልሰውት ስለነበር የተለመደው ምርመራ አልያዘውም፤ ያጋለጠው ሲጌት በዲስኩ ውስጥ ለብቻው የሚይዘው ሌላ መዝገብ ነው። ደረሰኝና የሸማች ሕግ በተጠናከረበት አገር ይህ ከሆነ፣ ዕቃው ከዱባይና ከቻይና በብዙ እጅ አልፎ በሚደርስበት ገበያ ላይ ጥንቃቄው ከዚያ ሊበልጥ እንጂ ሊያንስ አይገባም። ይህን ማለት የአካባቢውን ነጋዴ መወንጀል አይደለም፤ ነጋዴውም ብዙ ጊዜ እንደ ገዢው የተታለለ ነው።

ዲስኩን ገንዘብ ከመክፈል በፊት በሱቁ ኮምፒውተር ላይ መመርመር ይቻላል። ሁሉም ዲስክ «ስማርት» የሚባል የራሱን ጤና የሚመዘግብበት ሥርዓት አለው፤ «ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ» የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይህን መዝገብ ያነብባል። ፕሮግራሙ ሲከፈት በቀኝ በኩል ሁለት ቁጥሮች ይታያሉ፦ ዲስኩ ስንት ጊዜ እንደ ተነሣና በጠቅላላው ስንት ሰዓት በርቶ እንደ ቆየ። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት ነው። አዲስ በተባለ ዲስክ ላይ 26,000 የሚል ቁጥር ከታየ፣ ዲስኩ ለሦስት ዓመት ሌት ተቀን ሲሠራ የኖረ ነው። ሰዓቱ ብዙ ሆኖ የተነሣበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ከሆነ ደግሞ፣ የደኅንነት ካሜራ ምስል ሲቀዳ ወይም በሰርቨር ውስጥ ሲሠራ ከኖረበት የወጣ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ በታች ካለው ሠንጠረዥ የሚፈለጉት ሦስት ረድፎች ናቸው። በ05 ቁጥር የተመዘገበው ተበላሽተው በሌላ የተተኩ ሴክተሮችን፣ ማለትም የመረጃ ማስቀመጫ ጥቃቅን ክፍሎችን ይቆጥራል፤ ሲ5 ሊነበቡ አልቻሉ ተብለው ውሳኔ የሚጠብቁትን፣ ሲ6 ደግሞ ጨርሶ ያልተነበቡትን። በአዲስ ዲስክ ሦስቱም ዜሮ መሆን አለባቸው። ፕሮግራሙ እነዚህን ቁጥሮች ሲከፈት የሚያሳየው ከ10 ይልቅ በ16 በሚቆጠር ሥርዓት መሆኑን መዘንጋት አይገባም፤ በቅንብሩ ውስጥ ወደ 10 መቀየር ይቻላል። ሲ7 የሚባለው ረድፍ ቁጥር ካለው ደግሞ ጥፋቱ በአብዛኛው የገመዱ ነውና ዲስኩን ከመጣል በፊት ገመዱን መቀየር ይቀድማል።

የዚህ ምርመራ አቅም ግን ገደብ አለው። ጉግል ከ100,000 በላይ ዲስኮችን ተከታትሎ በእ.ኤ.አ. 2007 ባወጣው ጥናት፣ ከተበላሹት ዲስኮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዋነኞቹ የስማርት ምልክቶች ላይ አንዳች ነገር ሳያሳዩ ሞተዋል። ምልክት ያሳየ ዲስክ ግን በቶሎ መተካት አለበት፤ በዚያው ጥናት የመጀመሪያውን የንባብ ስህተት ያሳዩ ዲስኮች በቀጣዮቹ 60 ቀናት የመበላሸት ዕድላቸው ካላሳዩት በ39 እጥፍ በልጦ ተገኝቷል። በአጭሩ «ጤና አይደለም» ካለ ይታመናል፤ «ጤናማ ነው» ካለ ግን ዋስትና አይሆንም።

ሌላው ማጭበርበር የመጠን ነው። በርካሽ ዋጋ የሚቀርብ «16 ቴራባይት» የተባለ የኪስ ዲስክ ሲከፈት ብዙ ጊዜ የሚገኝበት የስልክ ሜሞሪ ካርድ ነው፤ ኮምፒውተሩ መጠኑን ሲጠይቀው ሐሰተኛ ቁጥር እንዲመልስ ተደርጓል። ፋይል ሲገለበጥበት የተቀበለ ይመስላል፤ እውነተኛው መጠን ካለቀ በኋላ የገባው ግን በስም ብቻ ይቀራል፣ ሲከፈት ባዶ ነው። ይህን የሚያጋልጠው ዲስኩን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ የሚያነብ «ኤች2ቴስትደብሊው» ዓይነት ፕሮግራም ነው። በአንጻሩ 1 ቴራባይት የተባለ ዲስክ በዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋባይት ቢያሳይ የተጭበረበረ ነገር የለም፤ አምራቹ በሺህ፣ ዊንዶውስ በ1,024 ስለሚቆጥሩ የመጣ ልዩነት ነው።

ዋስትናም በልኩ መታየት አለበት። ለተራ የቤት ዲስክ ብዙውን ጊዜ 2 ዓመት፣ ለጠንካራዎቹ እስከ 5 ዓመት ይሰጣል፤ የሚሠራ መሆኑን በዲስኩ ጀርባ ባለው ተከታታይ ቁጥር በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ማረጋገጥ ይቻላል። ዋስትናው የሚተካው ግን ብረቱን እንጂ በውስጡ ያለውን የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የሠርግ ቪዲዮ አይደለም።

ሃርድ ዲስክ ወይስ ኤስኤስዲ?

ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው፣ መረጃን በፍላሽ ቺፕ ላይ የሚይዝ ማከማቻ ነው። ለዊንዶውስና ለዕለት ሥራ እሱን መምረጥ ዛሬ ብዙ ክርክር አያስነሣም፤ ፈጣን ነው፤ መንቀጥቀጥም አይጎዳውም። በጽሑፍ ብዛት እንደሚያልቅ የሚነገረው እውነት ቢሆንም ለቤት ተጠቃሚ የሚያሰጋ አይደለም፤ ጥሩ ባለ 1 ቴራባይት ኤስኤስዲ ብዙ ጊዜ የ600 ቴራባይት ጽሑፍ ዋስትና አለው፤ በየቀኑ 50 ጊጋባይት ቢጻፍበት ከ30 ዓመት በላይ ይወስዳል።

ስጋቱ ሌላ ቦታ ነው። ለቤት የሚሸጡት ኤስኤስዲዎች መብራት ሲሄድ ጅምር ሥራቸውን የሚያስጨርስ የኃይል ማጠራቀሚያ በአብዛኛው የላቸውም፤ መረጃው የት እንዳለ የሚያመለክተው ውስጣዊ ካርታ በዚያ ቅጽበት ከተዛባ ዲስኩ በሙሉ ሊሰወር ይችላል። ሃርድ ዲስክ ብዙ ጊዜ ከመሞቱ በፊት ይንቋቋል፣ ይዘገያል፤ ኤስኤስዲ ግን ማታ ደኅና ሆኖ ጠዋት ላይነሣ ይችላል። ለዓመታት ሳይሰካ መሳቢያ ውስጥ ለሚቀመጥ ቅጂም አይመከርም፤ የኢንዱስትሪው መመዘኛ የጽሑፍ አቅሙን ከጨረሰ የቤት ኤስኤስዲ የሚጠብቀው በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይሰካ ለ1 ዓመት መረጃውን እንዲይዝ ብቻ ነው። ስለዚህ የዕለቱ ሥራ በኤስኤስዲ፣ የተጠራቀመው ፎቶና ቪዲዮ በሃርድ ዲስክ ቢሆን ሁለቱም በየጠባያቸው ይውላሉ።

ሃርድ ዲስክ ሲመረጥ አንድ የተሰወረ ልዩነት መጠየቅ ይገባል። አንዳንዶቹ ዲስኮች የመረጃ መስመሮቻቸውን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አንዱን በሌላው ጠርዝ ላይ ደርበው ይጽፋሉ፤ ይህ አሠራር ኤስኤምአር ይባላል። ከመሃል አንዱን ቆርቆሮ ለመቀየር የተደረቡትን ማንሣት እንደሚያስፈልግ ሁሉ፣ እንዲህ ያለው ዲስክም በውስጡ ያለውን ለመለወጥ ብዙ መስመሮችን ደግሞ መጻፍ አለበትና በትልቅ ቅጂ ጊዜ እጅግ ይዘገያል። አንዴ ተጽፎ ለሚቀመጥ ቅጂ ችግር የለውም፤ በየቀኑ ቪዲዮ ለሚቆረጥበት ኮምፒውተር ግን አይሆንም። በእ.ኤ.አ. 2020 ዌስተርን ዲጂታል «ሬድ» በተባሉ አንዳንድ ዲስኮቹ ላይ ይህን አሠራር ለገዢ ሳይገልጽ በመጠቀሙ ተወቅሶ ዝርዝሩን ይፋ ለማድረግ ተገዷል።

ሁለተኛው ቅጂ የት ይቀመጥ?

እስካሁን የተባለው ሁሉ የብልሽትን ዕድል ይቀንሳል፤ ወደ ዜሮ ግን አያወርደውም። ስለዚህ የገንዘቡ አከፋፈል መታሰብ አለበት። ለአንድ ውድ ዲስክ የሚወጣው ገንዘብ ሁለት መካከለኛ ዲስኮችን የሚገዛ ከሆነ፣ ሁለቱ ይበልጣሉ። በዓመት 1.5 በመቶ የመበላሸት ዕድል ያላቸው ሁለት ዲስኮች በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱም የመሞታቸው ዕድል ከ10,000 ሁለት ገደማ ነው። ይህ ስሌት የሚሠራው ግን ሁለቱ ዲስኮች የሚሞቱበት ምክንያት ካልተጋራ ብቻ ነው። ሁለቱም በአንድ ማከፋፈያ ገመድ ላይ ተሰክተው ከዋሉ አንድ የኃይል ግፊት፣ አንድ ቫይረስ ወይም አንድ ሌባ እኩል ይወስዳቸዋል። ከአንድ ሱቅ በአንድ ቀን የተገዙ፣ ተከታታይ ቁጥራቸው የተቀራረበ ሁለት ዲስኮችም አንድ ዓይነት የፋብሪካ እንከን ሊጋሩ ይችላሉ።

ከዚህ የተለየው አስተያየት ሁለተኛ ዲስክ ከመግዛት በኢንተርኔት ማከማቻ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል የሚለው ነው። ለሰነዶች ይህ አስተያየት ትክክል ነው፤ ጉግል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት የአንድን ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍና የቤተሰቡን የልደት ካርድ፣ የካርታና የትምህርት ማስረጃ ቅጂ ሁሉ ይይዛል፤ ከቤቱም ከከተማውም ውጪ ይሆናል። ለቪዲዮና ለፎቶ ክምችት ግን ስሌቱ ይከብዳል፤ 500 ጊጋባይት በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ለመጫን ያለማቋረጥ ከ9 ቀናት በላይ ይፈጃል፤ ኢንተርኔቱም መብራቱም ሳይቆራረጡ ማለት ነው። ስለዚህ ትንሹና የማይተካው ወደ ኢንተርኔት፣ ትልቁ ወደ ሁለተኛ ዲስክ መሄዱ ሁለቱን አስተያየቶች ያስታርቃል።

ሁለተኛው ዲስክ ተነቅሎ በሌላ ቤት፣ ለምሳሌ በእኅት ወይም በአጎት ቤት መሳቢያ ውስጥ በደረቅ ቦታ ሊቀመጥ ይችላል። በየሦስት ወሩ ወደ ቤት መጥቶ አዲሱ መረጃ ይገለበጥበታል፤ የስማርት ቁጥሮቹ ከቀድሞው ጋር ይነጻጸራሉ፤ ከየአቃፊው ጥቂት ፋይሎች ተከፍተው በእርግጥ መነበባቸው ይታያል። ከዚያም የተገለበጠበት ቀን በፕላስተር ላይ ተጽፎ ጀርባው ላይ ይለጠፍና፣ ሳህኑ መሽከርከሩን ካቆመ በኋላ ወደነበረበት ይመለሳል።